እጃቸውን ያላነሱት መዘምራን

ለልጄ ለሶፊ ዳልጮ
አዲስ አበባ

ልጄ ሶፊ፣ እንደምን አለሽ? እንደምን ከረምሽ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ጉሮሮሽስ ተሻለሽ ወይ? ያ ስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብሺ የሚወጋሽ ወገብሽስ? ሪሀናስ ደህና ናት? የምትኖሩበት ክፍል ጣሪያው አሁንም ያፈሳል ወይስ አከራይዋ ቃላቸውን ጠበቁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ያስቸገረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከደመናው ቀድሞ ይነግረኛል። ዘንድሮ ደግሞ ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ ሊሄድልን አልቻለም። ለእራታችን የምንቀቅለው ቦዬ ግን ወዶታል፤ ጓሮው ሁሉ ቅጠል ሆኗል።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ጠሃ አድርሶልኛል። ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ የገባ ዕለት ገና ከመኪናው ሳይወርድ "እማማ አሳየሽ፣ ልጅዎ ወፍራም ፖስታ ልካልዎታለች፤ ዘንድሮስ ቤቱን በብሎኬት ሊሠሩት ነው" ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እኔ ግን ፖስታው ወፍራም የሆነው ብዙ ስላዘንሽ መሆኑን ከመክፈቴ በፊት አውቄዋለሁ። ደጋግሜ አነበብኩት። አነባበቤ ቀስ ያለ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ የትናንቱን ደብተርሽን እየገለጥኩ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስልክ ደውዪልኝ ያልሽውን ያልፈጸምኩት በናጂያ ሱቅ ስልክ፣ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ እየሰማኝ፣ ይህን መናገር ስለማልችል ነው።

የጠየቅሽኝ ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ግን ከሁሉ ከበደኝ። "እማዬ፣ ደክሞኛል። አንቺ 'ነይ' ካልሽኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ ዳግመኛ መቀስ አልይዝም" ብለሻል። መልሴ የዘገየው በዚህች ቃል ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ግን አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ እሱን ሳትሰሚ እንድትወስኚ አልፈልግም።

የዚያን እሁድ ነገር እኔም እንዳንቺ አይቻለሁ። ለሚሌኒየሙ ምስጋና የሰፋሽላቸውን ልብስ ለብሰው መዘምራኑ ጸሎት ቤት ሲገቡ ከገሱባና ከቢጠና የመጡት ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው አዩ። በኮሌታውና በእጅጌው ጫፍ ያዞርሽው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ከሰማያዊው ጨርቅ ላይ የአባቶቻችንን የዱንጉዛ ልብስ መስሎ ሲታይ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ከዲምቱ የመጣች ሴት ጎንተል አድርጋኝ "ይህን የሠራ ማን ነው?" አለችኝ። "ልጄ ናት" አልኩ። እንዲህ አፌን ሞልቼ የተናገርኩበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። ከዚያ መዝሙሩ ከፍ አለ፣ እጅ ተነሳ፣ የመሪው የደገፉ ቀኝ ብብት ተተረተረ። ቀጥሎ የፊት ረድፍ ሴቶች። ከዚያማ ሁሉም ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ እንደበረደው ዶሮ ተኮራምተው ዘመሩ። ልጆች ሳቁ። ዞር ስል አንቺ የለሽም።

ከተማው ዝም አላለም፤ ምን እደብቅሻለሁ። ናጂያ ራሷ ጨርቁን የሸጠችልሽ ሆና "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ የእናንተው ግን ለበዓሉም ሆነ፣ ተበጣጠሰም" ብላ ስትስቅብኝ ከረመች። ስቃ ስቃ ግን "ለሶፊ እንዳትጽፊላት" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ። ከሷ ሳቅ ይልቅ የኛዎቹ ዝምታ ነው የከበደኝ። ከጸሎት በኋላ ሰላም ሲሉኝ ስምሽን አያነሱም ነበር።

"ተሰጥኦ ቢኖረኝ ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር" ብለሻል። እኔ ስለ ተሰጥኦ አላውቅም። የማውቀው ግቢያችን ውስጥ የሆነውን ነው። የመዘምራኑን ልክ ስትወስጂ "እጃችሁን ወደ ላይ አንሱልኝ" ብለሻቸው ነበር። አቶ ኤርካሎ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸውና ሊመርቁ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። "ልጄ፣ እጅ የሚነሳው ለጌታ ነው እንጂ ለሜትር አይደለም" አሉ። ሰው ሳቀ። እጁንም እስከ ትከሻው ብቻ ከፍ አድርጎ፣ የመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ድርቅ ብሎ ቆመልሽ። አንቺ ልትደግሚ አፍሽን ስትከፍቺ እኔ በዓይኔ "ተይ" አልኩሽ። ተውሽ። ያሳደግሁሽ እንደዚያ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ እያልኩ። ለካ በአንቺ ሙያ ዝምታም ልብስ ይቀድዳል።

በሳምንቱ ደገፉ ልብሶቹን ሰብስቦ መጣና አብረን ወደ ጃዕፈር ሄድን። ያው እንደምታውቂው በናጂያ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋው። አንዱን ልብስ ገልብጦ ውስጡን አየ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና "ስፌቱ እንከን የለውም፤ የጠበበው ብብቱ ነው" አለ። ደገፉ "እንግዲያው አንተ አስፋልን" ሲለው ራሱን ነቀነቀ። "ያልሰፋሁትን አልተረትርም። የሰው ስፌት የሚፈታው ባለቤቱ ሲሞት ወይ ሲፈቅድ ነው፤ ልጅቱ ደግሞ አልሞተችም፣ ጠይቋት" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ እሱ ሥራ በጀመረበት ዓመት ለአንድ ሙሽራ ሱሪ ሁለቱንም እግር የግራ አድርጎ እንደሰፋ አጫወተኝ። ናጂያ ከውስጥ ሆና "ታዲያ ሙሽራው እንዴት ሄደ?" ስትለው፣ "ወደ ግራ" አላት። ሳቅሁ፣ ልጄ። ከዚያ እሁድ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለምትሠሪበት ልብስ ስፌት ቤት ባለቤት የጻፍሽውን አስቤበታለሁ። የሳልሽው ቀሚስ በሷ ስም ከሱቁ መስታወት ቪትሪን ውስጥ መሰቀሉን፣ የራስሽን ስታሳያት "ይሄን ተይና ከቴሌቪዥን ያየሁትን ገልብጪልኝ" ማለቷን፣ ሌላ ቤት ብትጠይቂ "ልምድ ይዘሽ ነይ" መባልሽን። ልምድ የሚሰጥ ከሌለ ልምድ ከየት ይመጣል? ይህ ለኔም አልገባኝም። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ግን ሳይሄድ የተሰበረውን እንቁላል ነው። ቢሆንም ጎጆው ውስጥ ሆኖ የሄደ አላየሁም። የምልሽ ይህችን ብቻ ነው፤ ስዕሉን አሳልፈሽ ከመስጠትሽ በፊት ከታች ስምሽን ጻፊ። ብትሰርዘውም ትሰርዘው፤ እጅሽ ስሙን መጻፍ ይልመድ።

ዘመድ "በነጻ ስፊልኝ" ሲለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ ያልሽውም ከኔ የወረስሽው ነው። ከእንግዲህ በኔ አሳብቢ። "እናቴ ከልክላኛለች" በያቸው። ስድቡን እኔ እችለዋለሁ፤ እርጅና ሌላ ምን ይጠቅማል?

ትተሽው የሄድሽውን የኮርስ ወረቀትም በቀን በቀን አነበዋለሁ። "ፖርትፎሊዮ" የሚል ቃል አስቸገረኝና ጌታሁን ከሚያስተምርበት ከገሱባ ሲመጣ ጠየቅሁት። "ሠሪው ሥራውን አሳምሮ የሚያሳይበት ማኅደር ነው" አለኝ። የተበላሸውስ ይገባበታል ወይ ብዬ ብጠይቀው "እማዬ ደግሞ፣ ማን የተበላሸ ሥራውን ያሳያል?" ብሎ ሳቀብኝ። ወንድምሽ አስተማሪ ነው፣ ከኔ የተሻለ ያውቅ ይሆናል። እኔ ግን ሰፊ ብፈልግ በመጀመሪያ የምጠይቀው ሲበላሽበት ምን እንዳደረገ ነበር።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። "ነይ" ማለት ለኔ ቀላል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብዬሻለሁ። አባትሽ የታመመ ጊዜ ኮሌጅ ገብተሽ ገና ወንበርሽ ሳይሞቅ ላክሁብሽ። መጣሽ። እኩዮችሽ ሲመረቁ አንቺ የአባትሽን አንሶላ ስታጥቢ ከረምሽ፤ በኋላም ብትመለሺ ከታናናሾችሽ ጋር ተቀመጥሽ። አሁን "ጓደኞቼ የት ደርሰዋል፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ" ስትይ ማን እንዳዘገየሽ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። አንድም ቀን አልወቀስሽኝም። ብትወቅሺኝ ይቀለኝ ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሰው ሞላ። ደገፉ የጃዕፈርን ቃል ነግሯቸው ኖሯል፤ መዘምራኑ ሁሉ መጡ። ከፊት አቶ ኤርካሎ። ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ አጋደሙና "አሳየሽ፣ ሜትር አለሽ?" አሉኝ። ረስተሽው የሄድሽው ቢጫው ሜትር ነበረኝ። "እንግዲያው ለኪ። ልጅቱ ጠይቃን ነበር፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ" አሉና፣ ዘማሪ እንኳ ያልሆኑት ሰውዬ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ኮታቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው ወጣ። ማንም አልሳቀም። ቀስ ብሎ ደገፉ አነሳ፤ ከዚያ ሴቶቹ፤ ከዚያ ሁሉም። መዝሙር የለ፣ ጸሎት የለ፤ በእኔ ጭቃ ግቢ ውስጥ እጃቸውን አንስተው ቆሙ። እኔ ለካሁ፣ ጌታሁን ጻፈ። አንዷ "እትዬ አሳየሽ፣ ቶሎ በሉ፣ ሙሴም ሲደክመው የሚደግፈው ነበረው" ስትል ነው ሁሉም የሳቀው።

ስለዚህ ልጄ፣ ልብሶቹን ሁሉ፣ ልኩንም፣ የተረፈውንም ጨርቅ በማዳበሪያ ጠቅልዬ በጠሃ መኪና ልኬልሻለሁ። ለገና ይፈልጉታል። ልብ አድርጊ፤ "ትምጣና ታስተካክል" አላሉም፣ "አስተካክላ ትላክልን" ነው ያሉት። እኔም "ነይ" አልልሽም። ቤቱ ባዶ ነው፣ ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ትመስዪኛለሽና ቃሏ በየቀኑ አፌ ድረስ ትመጣለች፤ እመልሳታለሁ። "አትምጪ"ም አላልኩሽም፤ ደጄ ላንቺ ተዘግቶ አያውቅም። ብቻ የመጣሽ እንደሆነ ስለናፈቅሁሽ ይሁን እንጂ ስለተተረተረ አይሁን። የተተረተረ ይሰፋል። እኔ ያስቀረሁብሽ ዓመት ግን አይሰፋም፤ በሱ ላይ ሌላ አልጨምርም።

ከማዳበሪያው ጥግ በላስቲክ ያሰርኩት የበርበሬ ዳጣ አለ፤ ልብሱ ላይ እንዳይፈስ ቀድመሽ አውጪው። ለሪሀና ግማሹን ስጫት፣ እናቷን ናጂያን ናፍቃታለችና እንድትደውል ንገሪያት፤ ሰላምታዬንም አድርሺልኝ። ለአከራይሽ ስለ ጣሪያው ጸሎት እያደረግሁ ነው በያቸው። ወንድምሽ ጌታሁን "ቀና በይ" ብሎሻል። ደገፉና መዘምራኑ ሁሉ ሰላም ይሉሻል። አቶ ኤርካሎ ሰላም ብለውሽ፣ ከዘራቸውን አነሱና "ጌታ ይባርካት" ብለው ሄዱ። ጃዕፈር ክሩን ወፍራሙን ተጠቀሚ ብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጨርቁ ከተረፈሽ ለኔም አንድ ስፊልኝ። አባትሽን ከቀበርን ወዲህ ጸሎት ቤት ውስጥ እጄን አንስቼ እንደማላውቅ አይተሻል፤ አይተሽም አልጠየቅሽኝም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጌታሁን ሜትሩን ከእጄ ተቀብሎ "አንቺስ?" አለኝና ለካኝ። ልኬ ከሁሉም በታች ተጽፏል። ብብቱን አታጥብቢው፤ እጄን አንስቼ ነው የተለካሁት።

እናትሽ አሳየሽ
ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.