ዳማው ኮሪደሩ ጫፍ ነው

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ የሰው ፊት አይጥቆርብሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ልቤ አላርፍ ብሎኝ ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ሦስቴ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

አባትሽ ዳሌውን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ መራመድ እምቢ ብሎ ነበር። ነርሷ ዳማውን ኮሪደሩ ጫፍ አስቀመጠችው፤ አንዲት ቆርኪ ለማንቀሳቀስ እዚያ ድረስ መሄድ ነው። አጠገቡ ከተኛው ጡረተኛ ሾፌር ጋር እልህ ተጋብቶ ይመላለስ ጀመር። እኔ ላቡን ሳይ አንጀቴ አልችል ብሎ ዳማውን አልጋው ድረስ አመጣሁለት። ሦስት ቀን አልተነሣም።

"እማማ፣ ዳማውን ሲያመጡላቸው እግራቸውን እኮ ነው የወሰዱባቸው" አለችኝ ነርሷ።

ዳማውን ወዲያው ወደ ቦታው መለስኩት። ግን ሾፌሩ ትናንት ድኖ ቤቱ ገባ፤ አባትሽም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እባክሽ በየቀኑ እየደወልሽ በስልክ ዳማ አጫውቺው። እንደነገርሽው ያንቺንም ቆርኪ ሄዶ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ቶሎ እንዳትሸነፊለት፣ ቶሎም እንዳታሸንፊው። በሁለት እግሩ ቆሞ ሲቀበልሽ ያሳየኝ።

እናትሽ