በማንጎ ዛፍ ሥር ስለተተከለችው ጀልባ

ለክቡር አቶ ሜሳኬ
የምሥራቅ ደሴቶች የባሕር እርሻ ድጋፍ ፈንድ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ባለፈው ወደ መንደራችን ወደ ናላሴ ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ ጎረምሶች ተረዳድተን ከጀልባ ያወረድንዎ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ወገብዎ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። የባሕር አረማችንም፣ ያ ገመድ ላይ አስረን ለገበያ የምናሳድገው የባሕር ተክል፣ ደህና ነው፤ ደህና የሆነበትን ምክንያት ግን እርስዎ ወንጀል ብለው ሰይመውታል።

ሰኞ ዕለት የላኩት ደብዳቤ ደርሶናል። ማኅተሙ በጣም ያምራል። «በናላሴ የሴቶች ማህበር እጅ በሕገ ወጥ መንገድ የሚገኙት ጀልባ፣ ገመዶች፣ ተንሳፋፊዎችና የዛጎል ማርቢያ ሣጥኖች በአስቸኳይ ካልተመለሱ፣ ማህበሩ ከፈንዱ ተሰርዞ በሕግ ይጠየቃል» ይላል። የማህበሩ ሰብሳቢ አክስቴ ሳላኒዬታ ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ስጨርስ «ሌቦች ነው ያለን?» አለች።

«ኧረ የለም አክስቴ፣ በሕገ ወጥ መንገድ ነው የሚለው» አልኳት።

«ያው ሌባ ነዋ፣ ከረባት አድርጎ» አለችና ዝም አለች። እርሷ ዝም ስትል መናገር የእኔ ፋንታ ነው፤ በቤታችን የሥራ ክፍፍሉ ከድሮም እንዲህ ነው። በጋዜጣ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ለቢሮዎ የምንልከው ነገር ሁሉ «በሂደት ላይ ነው» ስለሚባል፣ ይህኛው እንኳ ሂደቱን ሕዝብ ፊት ይጨርስ ብዬ ነው።

ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ። ባለሥልጣን ቁጥር የሌለው ቅሬታ አይገባውም ብለው መምህሬ ነግረውኝ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁትም ይህንኑ ብቻ ነው።

፩ኛ. በመጀመሪያ የባሕር አረሙን ዘር ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። ገመዱ፣ ተንሳፋፊው፣ ጀልባውና ሣጥኑ በኋላ ይደርሳሉ ተብሎ ዘሩ ቀድሞ መጣ፤ ሙሽራዋ ሳትታጭ ድግሱ እንደ ማለት ነው። ለክቡርነትዎ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ የባሕር አረም ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በከረጢት ተቀምጦ የመሥሪያ ቤት ፊርማ አይጠብቅም። ታስሮ ውኃ ውስጥ ካልገባ ወዲያው ይነጣል፣ ይላሽቃል፣ መንደሩን በክርፋቱ ያባርራል። አብረውት የላኳቸው ጨቅላ ዛጎሎችም ሣጥን ስላልነበራቸው፣ ለኦክቶፐስ የተላከ ምሳ ነበሩ።

ስለዚህ ሴቶቹ ያላቸውን አወጡ። የልብስ ማስጫ ገመድ ወጣ፤ የአጎበር ቁራጭ ወጣ፤ የመረብ ኳስ ሜዳችን መረብ ወጣ፤ በዚያው ቡድናችን ፈረሰ። የጊታሬን ማንጠልጠያ አክስቴ ሳላኒዬታ ከትከሻዬ ላይ ፈታችው። «ኧረ አክስቴ፣ እንዴት አድርጌ ልጫወት?» ብላት፣ «ተቀምጠህ ተጫወት፤ ቆመህም ያው ነው የምትጮኸው» አለችኝ። ባዶ ጀሪካኖች ተንሳፋፊ ሆኑ። ለዛጎሎቹ የዳቦ መጋገሪያ ትሪና የጎረቤታችን የቪኒያና ሕፃን የሚታጠብበት ሳፋ ተሰጣቸው። ሕፃኑ እስከ ዛሬ በባልዲ ነው የሚታጠበው፤ ለፈንዱ ያለውን አክብሮት ግን አልቀነሰም።

፪ኛ. ስለ ጉብኝትዎ እናመሰግናለን። እርስዎ ለናላሴ እንግዳ አይደሉም። ተማሪ ሳሉ በመንደርዎ በዋይሌካ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ የትምህርት ዓመታትዎን ያሳለፉት በአክስቴ ሳላኒዬታ ቤት ነው። ካሳቫ ቀቅላ ያበላችዎ፣ ሸሚዝዎን አጥባ ትምህርት ቤት የላከችዎ እርሷ ናት። ፈንዱ ድጋፉን ለመስጠት ሪፋችን፣ ዓሣ የምናጠምድበት የኮራል ዐለት፣ ከዓሣ ማጥመድ ይዘጋ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ወንዶቹ «ዓሣችንን ዘግተን አረም ልንዘራ ነው?» ብለው ሲያንገራግሩ፣ ተነሥታ «ሜሳኬ ልጄ ነው፤ ልጄ አይዋሸኝም» ያለችውም እርሷ ናት። ሪፉ በፈንዱ ማኅተም አልተዘጋም። በእርሷ ቃልና ክብር ነው የተዘጋው።

በመጡ ቀን አሳማ ታረደ፤ ታሮ የተባለው ሥራሥራችን በመሬት ምድጃ ተቀበረ፤ የአበባ ጉንጉን አንገትዎን ሸፈነው። ሱሪዎን ሰብስበው ውኃ ውስጥ ገቡና የመረብ ኳሱን መረብ አዩ፤ አረሙ በየቀዳዳው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሳቁ። እኛም ስለሳቁ ደስ ብሎን ሳቅን።

«እናንተ እኮ ጉዶች ናችሁ! ይሄን ደሞ ማን አስተማራችሁ?» አሉ።

«ችግር ነዋ ልጄ» አለች አክስቴ ሳላኒዬታ፤ «ችግር ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ ግርፊያው ግን በዛ።»

ፎቶ አነሡን። የሕፃኑን ሳፋ ለብቻው አነሡት። ሊሄዱ ሲሉ እጇን በሁለት እጅዎ ይዘው «እናቴ፣ አታስቢ፤ ጀልባው መንገድ ላይ ነው» አሏት።

አልዋሹም። ጀልባው መንገድ ላይ ነበር። መንገዱ ነው ወደ ሌላ ቤት የሚሄደው።

፫ኛ. ስለ ሪፖርትዎ። ከደገምኩት ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «የናላሴ ማህበር በአካባቢው በሚገኙ ቁሳቁሶች ችግሩን በራሱ አቅም በመፍታቱ፣ የመሣሪያ ድጋፉ ይበልጥ ለሚያስፈልገው ማህበረሰብ እንዲዘዋወር ተደርጓል።» ስለ አድናቆትዎ እጅ እንነሣለን። ያገኘነውን ትምህርት ለሌሎች ደሴቶች ማህበራት በነፃ አስተላልፋለሁ፦ ፈንዱ ዘር ሲልክላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ። ዘሩ ይበስብስ፤ ዛጎሉን ኦክቶፐስ ይብላው። ኃላፊው ሲመጣ ባሕር ዳር ተደርድራችሁ አልቅሱ። እንዳትሠሩ ብቻ! እየዋኘ የተገኘ ሰው ገመድ አይወረወርለትም፤ እንዲያውም የተደገፈባትን እንጨት ነው የሚቀሙት።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የሚቀጥለውን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም።

በዝናቡ ወራት፣ አውሎ ነፋስ እንኳ የማይባል ተራ ነፋስ መጣና መረቡን በጠሰው። ጠዋት ስንነሣ አረሙ ባሕር ዳሩን ሞልቶ ተኝቷል። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ዋሉ፤ ፀሐይ ግን ትቀድማቸው ነበር። በመጨረሻ የተረፈው አንድ ቅርጫት ዘር ነው። አክስቴ ሳላኒዬታ ቅርጫቱን ከቆመ እንጨት ጋር አስራ ውኃ ውስጥ አኖረችው፤ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር እየሄደች፣ ጭቃ እንዳያፍነው ታራግፍለታለች፤ ሕፃን እንደምታስገሳ ሰው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ምንም ካልተተከለ ሪፉ ይከፈታል፣ ማህበሩም ይበተናል ብለው ቆረጡ። መንገድ ላይ ሲያገኟት «ልጅሽ ደህና ነው? ጀልባው ደረሰ?» ይሏታል። እርሷም በዋናው መንገድ መሄድ ትታ በጓሮ በኩል መዞር ጀመረች። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሰው መቀለድ እወዳለሁ፤ መንደሩ ምስክሬ ነው። በእርሷ ላይ የተቀለደውን ይህን ቀልድ ግን ልስቅበት ብሞክር እንቢ አለኝ።

በዚያው ሰሞን የእናቴን ወንድም አጎቴ ዋይሳሌን ልጠይቅ ወደ ዋይሌካ ሄድኩ። እናቴ የዋይሌካ ልጅ ናት። የወንዙን አፍ አልፌ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግሩም የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ሰማያዊ፣ አዲስ፣ ለባሕር የተሠራ፤ የአጎቴ ሱሪ ተሰጥቶበታል። በተንሳፋፊዎቹ ልጆች ራግቢ ይጫወታሉ። የዛጎል ሣጥኑ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ጀልባዋ ደግሞ፣ ያቺ መንገድ ላይ የነበረችው፣ ከባሕሩ ርቃ በማንጎ ዛፍ ሥር ተተክላ፣ የበሰለ ማንጎ ጠብ ጠብ እያለባት ቆማለች። ለካስ «ይበልጥ የሚያስፈልገው ማህበረሰብ» የክቡርነትዎ የትውልድ መንደር ኖሯል።

«አጎቴ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የመንግሥት ነው።»

«ምን ትሠሩበታላችሁ?»

«እኛ እንጃ! ሜሳኬ አምጥቶ አራገፈው፣ ፎቶ አነሣን፣ ሄደ። እዚህ እኮ ወንዝ ነው የሚገባው፤ ውኃው ጨው የለው። የባሕር አረም ብትተክልበት ሳምንት አይቆይልህም።»

«ታዲያ አትነግሩትም?»

«ነገርነዋ! 'የዘመድ ነገር ነው፣ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ' አለን። ስጦታ መልሰህ ውሰድ ይባላል እንዴ፣ ነውር አይደለም?»

«የናላሴ ሴቶች ነው እኮ።»

አጎቴ ዋይሳሌ ሱሪውን ቀና ብሎ አየው። «አታፍርም ወይ በለኛ» አለ በዝግታ። እርስዎን ይሁን ሱሪውን አላወቅሁም።

ክቡር ሆይ፣ የሚቀጥለውን እርስዎ ያውቁታል፤ ከተማ ላደጉ አንባቢዎች ግን ልናገር። እኛ ዘንድ የእህት ልጅ በእናቱ መንደር ቫሱ ይባላል። ቫሱ በእናቱ ወንድሞች መንደር ያማረውን ቢያነሣ ተው የሚለው የለም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሕግ ነው። ለዚህም ነው እኔ ዋይሌካ ስገባ «ቫሱ መጣ፣ ዶሮ ቆልፉ!» የሚባለው። እስከዚያ ቀን ግን ከአንድ ወፍራም ዶሮና ከአጎቴ ሸሚዝ በላይ ወስጄ አላውቅም። እርስዎ የሴቶቹን ጀልባ የት ላስቀምጥ ብለው ሲያስቡ፣ ስንት ደሴት፣ ስንት መንደር እያለ፣ የናላሴ ዋና ቀልደኛ ያለ ከልካይ እጁን የሚዘረጋበትን መንደር መረጡ። ስለዚህ ምርጫዎ ለዘላለም የማህበሩ ባለውለታ ነዎት።

ጀልባዋን መታ መታ አደረግኋት። «ይቺ አማረችኝ» አልኩ።

አጎቴ ዋይሳሌ ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀ። «ሌላስ?»

ገመዱን አሳየሁት።

«ቆይ፣ ሱሪዬን ላውርድ እንጂ!»

ሣጥኖቹን ሳሳይ የአጎቴ ሚስት ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ሁሉንም ውሰድ፤ ያቺ ዶሮ ግን ታቅፋለች፤ እስክትጨርስ አንዱን ተውላት። ዶሮ ቫሱ አታውቅም» አለችኝ። አንዱን ሣጥን ለዶሮዋ ትቻለሁ፤ በመረከቢያዎ ላይ አንድ የጎደለው ለዚህ ነው። ጀልባዋን ገፍተው ውኃ ያስገቧት የዋይሌካ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ «ይሄ ቫሱ ዛሬ ገና የሚረባ ነገር አማረው» እየተባባሉ። ሕገ ወጡ መንገድ የቱ ጋ እንዳለ ክቡርነትዎ ቢጠቁሙኝ እታረማለሁ።

ናላሴ ስደርስ ሴቶቹ ባሕር ዳር ወጡ። አክስቴ ሳላኒዬታ አላመሰገነችኝም፤ ማን እንደሰጠኝም አልጠየቀችም። ገመዱን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ «ገመድ ማለት ይሄ ነው» አለችና ቅርጫቷን ልታመጣ ወደ ውኃው ሄደች። ያቺን የተረፈች ዘር እየቆራረጡ፣ እያሰሩ፣ በጀልባዋ እየወሰዱ ዘረጉት። ሽማግሌዎቹ መጥተው አዩና ሪፉ እንደተዘጋ ይቆይ አሉ። እርሷም በዋናው መንገድ መሄድ ጀመረች። ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ።

ሴቶቹ ለመልሱ ተሰበሰቡ። ቪኒያና «ደብዳቤውን ለማገዶ እናድርገው፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው» የሚል ሐሳብ አቅርባ ብዙ ደጋፊ አግኝታ ነበር። አክስቴ ሳላኒዬታ ግን እጇን አነሣች። «ንብረቱ የመንግሥት ነው ካለ ይሁን። ይምጣና ይውሰደው» አለች። «እኛ ግን አንፈታለትም። የሰረቀ ነው የሚመልሰው፤ እኛ አልሰረቅንም። ራሱ ውኃ ውስጥ ይግባ፤ ራሱ እያንዳንዷን ቋጠሮ ይፍታ፤ የፈታውን እያመጣ እጄ ላይ ያስቀምጥ። ሲጨርስ ገመዱን ይዞ ይሂድ።»

በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ስለሆነም ክቡርነትዎ ባሕሩ ሲሸሽ እንዲመጡልን በአክብሮት እንጋብዛለን። ቋጠሮው እጅግ ብዙ ነው፤ በእርጥብ እጅ የተቋጠረ ስለሆነም ይጠብቃል። አረሙ አድጓል፤ ሲነኩት ይንሸራተታል። ክፉ ቃል የሚናገርዎ አይኖርም፤ ይህን አጥብቃ አስጠንቅቃናለች። ሴቶቹ ዝም ብለው ቆመው ያዩዎታል። እርሷ ግን አትቆምም፤ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ አጠገብዎ ትጠብቅዎታለች።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ጠረጴዛና ወደፊት ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ቦታ ከልብ እየተመኘ፣ በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣ፣

ታዛዥዎ ፔኒያሲ
ከናላሴ ባሕር ዳር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት እናቴን ስለ ዘር ሐረጋችን ጠየቅኋት። የእርስዎ አባትና የእርሷ አባት ወንድማማቾች ናቸው አለችኝ። እኛ ዘንድ የወንድማማች ልጆች ወንድምና እህት ስለሆኑ፣ እርስዎም የእናቴ ወንድም ነዎት፤ እኔም የእርስዎ ቫሱ ነኝ ማለት ነው። እስከ ዛሬ አጎቴ ብዬ ስላልጠራሁዎ ይቅርታ። ባለፈው ወደ ከተማ ስሄድ በቤትዎ በኩል አለፍኩ፤ ደጃፍዎ ላይ የቆመችውን ቀይ መኪና አየኋት፤ የመሥሪያ ቤቱን ሳይሆን የራስዎን። ቆንጆ ናት። ለጊዜው አላማረችኝም።