ስሜ ያለበት አይሱዙ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ሲሚንቶ እያስወረድኩ ስልክ ጮኸ። ከአዳማው ፈጣን መንገድ ክፍያ ነው የምደውለው የምትል ልጅ፣ ድምጿ ለስላሳ። የድሮውን አይሱዙዬን ሰሌዳ ነገረችኝ። መውጫው ላይ ሳይከፍል ደጋግሞ አልፏል፣ ካሜራ ይዞታል፣ የመኪናው ባለቤት እርስዎ ነዎት አለች። ሸጬዋለሁ አልኳት። ሊብሬው በስምዎ ነው አለች። አመስግናኝ ዘጋች። ምን አድርጌላት ይሆን?

ያው ዕለት፣ 9 ሰዓት

ሱቁ ጭር ብሏል። ላንተ ልተንፍስ፣ ደብተሬ። መኪናውን የሸጥኩት ለደሴ ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት። ሒሳቡን አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል ጨርሷል። ስም ግን አላዞርንም። ውክልና ሰጠሁት፣ በቃ። እዚህ ደባርቅ አበልጅን ስም እናዙር ማለት አላመንኩህም ማለት ነው። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሸጥ።

ጥቅምት 7

ደሴን ደወልኩለት። አ.አ. ነው። ሳቀብኝ! በእኛ በኩል ኬላ ላይ አብረው የሚጓዙ መኪኖች ከሆኑ የፊተኛው ወርዶ ለሁሉም ይከፍላል፣ ገመዱ ይወርዳል፣ ተከታትለው ያልፋሉ። እዚያም እንደዚያው መስሎታል። የአጎቱ ልጅ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ይከፍላል፣ ብረቱ ሲነሣ ደሴ ሳይዘጋበት ጭራውን ይዞ ሹልክ። ድርሻውን ለአጎቱ ልጅ ይሰጣል። ሌባ አይደለም። ማሽኑ ግን ዘመድ አያውቅም፤ አንድ ክፍያ ለአንድ መኪና ነው።

እከፍላለሁ አለ። ቀለል አለኝ።

ጥቅምት 11

ቀለል አለኝ ማለቴ ሞኝነት ነበር። ጠበቃ ጠየቅሁ። ውክልና ሽያጭ አይደለም አለኝ፣ የመኪናው ባለቤት አንቺ ነሽ። የመንገዱ ክፍያ ቀላሉ ነው፤ ሰው የገጨ ዕለትስ? የሟች ቤተሰብ መጀመሪያ የሚመጣው አንቺ ዘንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጤና የለኝም። ከሊማሊሞ በኩል የከባድ መኪና ፍሬን ሲጮህ ሥራዬን ጥዬ ደጃፍ እወጣለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነበረብኝ።

ጥቅምት 13

ደፍሬ ለደሴ ደወልኩለት። ስም እናዙር አልኩ። ቀስ ብሎ፦

«አበልጄ፣ ስምዎን ከመኪናው ካነሱ የእኔንም ከልጁ ላይ ያንሱ።»

ዘጋው። ተናደድኩ። እሱ ይከፋል፣ እኔ እታሰራለሁ? ይክፋው!

ጥቅምት 14

አይክፋው። ልጄ በታመመ ጊዜ ሥራውን ጥሎ ጎንደር ያደረሰን ማን ሆነና።

ጥቅምት 17፣ 11 ሰዓት

መጣ። አይሱዙውን ሱቄ ደጃፍ አቆመ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በስምዎ ያለ ንብረት ነው፣ ይረከቡ ብሎ ወጣ። ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ልጄ እንደ ወትሮው ሮጦ ጉልበቱን ሳመ። ደሴ ግንባሩን ሳይስመው በእግሩ ሄደ። ልጁ አባባ ደሴ ምን ሆነው ነው ይለኛል።

እንጀራው ደጄ ላይ ቆሟል። ዳባት የሚጭነው ነጭ ሽንኩርት ይጠብቀዋል። የእኔ ፍርሃት እሱን ሥራ አስፈታው። ፍርሃቴ ግን ሐሰት አይደለም።

ወሰንኩ። ሽማግሌ አልልክም። ነገ በጠዋት ቁልፉንም ልጁንም ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ። መኪናው የእርስዎ ነው፣ ልጁም የእርስዎ ነው፣ ስሙ ግን ይዙር እለዋለሁ። ጎንደር መንገድ ትራንስፖርት አብረን እንወርዳለን፣ እሱ እየነዳ። መጀመሪያ ልጁን ከሳመው ሌላው ይቀላል። ካልሳመው ግን እስኪስመው ድረስ ከደጁ አልነሣም።