አንሶላ የለበሰው ሞተር

ለተከበሩ የግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት (ይኸውም እንደ ሰሞኑ ሁሉ ከመኪናዎ ሥር)

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎ፣ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። በሲሚንቶ ላይ በጀርባ ተኝቶ መክረም ለወገብ እንደማይበጅ ስለምሰማ፣ ሳስብልዎት ነው የከረምኩት። የእኔን ቤት ደህንነት ለማወቅ ከፈለጉ፣ መኪናዬ በጣም ደህና ናት፤ ከግቢ ስለማትወጣ የሚገጫት የለም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ ለኮሚቴ የሚቀርብ ቅሬታ መጀመሪያ ለሊቀመንበሩ መቅረብ እንዳለበት ራስዎ ስላስተማሩን፣ ሊቀመንበሩን ደግሞ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነብኝ ነው። እነሆ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መተላለፊያው። ለማያውቁን አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ግቢያችን አንድ በር አለው፤ ከበሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በሁለት ግንብ መካከል ያለ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ ነው። በመተላለፊያው አናት ላይ አግዳሚ ብረት አለ። እርስዎ ጋራዥ ያለ ሁሉ ሌባ መሆኑን፣ ሞተር ማደስ ማለትም ቡሎን ፈትቶ መልሶ ቡሎን ማሰር እንጂ ሌላ ምሥጢር እንደሌለው፣ በስልክዎ ያዩት ሰውዬ ይህንኑ በሻይ ሰዓቱ እንደጨረሰው ነግረውን፣ ሞተርዎን በሰንሰለት ከዚያ ብረት ላይ ሰቀሉት። መኪናዋንም ጎማዋን አውልቀው በብሎኬት ላይ አቆሟት። በግቢው መኪና ያለን እርስዎና እኔ ብቻ ነን። የእርስዎ መተላለፊያው ላይ ቀረች፤ የእኔ ከውስጥ ነበረች፤ አሁንም ከውስጥ ናት። ጎረቤቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ኢንጂነር» ብሎ ሲጠራዎት በምስጋና ተቀበሉት። እኛም እንዲያው እንደ ምስጋና ይቆጠር ብለን ተውነው። እኔ በሙያዬ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከሞተርዎ ሥር ጎንበስ ብዬ ወጥቼ፣ በእግሬ ትምህርት ቤት ደርሼ፣ ስለ ውቅያኖሶች ስፋት አስተምራለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስታወቂያው። «በመተላለፊያው ላይ ባልዲም ሆነ ብስክሌት ማቆም በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውና በእርስዎ ፊርማ የወጣው ማስታወቂያ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። የተለጠፈበት ሚስማር ጠንካራ በመሆኑ የሞተርዎን ቺንጋ፣ ያንን የጎማ ቀበቶ፣ አንጠልጥለውበታል። ቺንጋው ፊርማዎን ስለጋረደው ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ አሁን አይታይም። ለዚህ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ እናቴ።

እናቴን ያውቋታል። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር አስቀምጬ፣ ከከተማው ማዶ አልጋ ላይ ወደዋለችው ታናሽ እህቷ እወስዳት ነበር። ሁለቱ በአንድ አልጋ ያደጉ ናቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከሞቱ የቆዩ ሰዎችን አንድ በአንድ ሲያሙ ይውላሉ። በስልክ ይገናኙ እንዳይባል አክስቴ ጆሮዋ ደክሟል፤ እናቴ «እንዴት አደርሽ» ስትላት «በላሁ፣ በላሁ» ነው የምትለው። ዊልቸሩ በመኪናዎና በግንቡ መካከል አያልፍም። ተሸክመን እናውጣት ብለን ብንለምናት፣ እንደ ቁም ሳጥን በሰው ፊት ተሸክማችሁ አታወጡኝም ብላ አሻፈረኝ አለች።

እኔ ታዲያ እርስዎን ላነጋግር ተነሥቼ ነበር። እናቴ ከለከለችኝ። ሰውዬው አንዴ ጀምሮታል፣ ልቡን አትስበር፤ አባትህ የሞተ ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ማን ነበር፤ ደግሞም ዝም አይነቅዝም አለችኝ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከእርስዎ ሰንሰለት የጠነከረ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። በየጠዋቱ እጅዎ ዘይት ስለሆነ ክንድዎን እየዘረጉ በመስኮት ሰላም ይሏታል፤ እርሷም «በርታ ልጄ» ትልዎታለች፤ እርስዎም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው፣ በአዲስ ጉልበት ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ። እንቁላሉ ሲሄድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን አንድም ቀን አልነገሩንም። ሲሊንደሩ ውስጥ አቧራ እየገባ እንዳስቸገረዎት ያጫወቷት ቀን፣ እናቴ ከሣጥኗ ነጭ አንሶላ አውጥታ ሰጠችዎት። እህቷ ዓይኗ ሳይደክም በፊት ጠርዙን በእጇ የጠለፈችላት አንሶላ ነበር። ሞተርዎን በእርሱ አለበሱት።

አራተኛ፤ ስለ ተገጠመበት ቀን። ያን ቀን የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። እናቴ ከማለዳው ጀምሮ ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በር ላይ ትጠብቃለች። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጨሰ፣ ተነሣ። አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያልቅ ዝም አለ። በኋላም በጋዝ ያጠቡበት ሳፋ ውስጥ የተረፉ ቡሎኖች ሲገኙ፣ ፋብሪካው ለክፉ ቀን ትርፍ አድርጎ የሚያስቀምጣቸው መሆናቸውን አስረዱን። በማግሥቱ ሞተሩን እንደገና ፈትተው ሰንሰለቱ ላይ ሰቀሉት። እናቴ ጫማዋን ያወለቀችው ሰው ሳታስቸግር፣ ብቻዋን ነበር። ያን ጊዜ ጮኬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም እንቅልፍ አጣለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልሄድልኝ አለ።

የአክስቴ ልጅ ደውላ፣ የምትመጡ ከሆነ አሁኑኑ ኑ አለች። እናቴ የማንንም ምክር አልጠበቀችም፤ ተሸከሙኝ አለች። ከነዊልቸሯ ለአራት፣ ሁለት ሁለት ሆነን በመኪናዎ ግራና ቀኝ፣ ከጣሪያዋ በላይ አነሣናት፤ ከአራቱ አንዱ እርስዎ ነበሩ፤ እጅዎን በጨርቅ ጠርገው በስተቀኝ ፊት ለፊት ያዙ፤ ይህን ውለታ አልክድም። የሞተሩ ዕቃ በመተላለፊያው ሁሉ ካርቶን ላይ ተደርድሯል። እናቴ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ከትከሻችን በላይ ሳለች፣ መካከል ላይ ስንደርስ እርስዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ቀስ በሉ፣ ፒስተኖቹን እንዳትረግጡ!»

አልረገጥንም። ተራቸው እንዳይፋለስ አንድ በአንድ በእግርዎ ገለል እስኪያደርጓቸው ድረስ እናቴን አየር ላይ ይዘን ቆመን ጠበቅን። ከዚያ መንገድ ወጥተን ታክሲ ጠበቅን። ስንደርስ የአክስቴ ዓይን ተከድኗል። እናቴ እጇን ያዘችና፣ ገና ሙቅ ነው አለች።

ለቅሶ ለመድረስ የመጣው ሰው ቤታችን ስላልበቃው፣ ወንበር የሚዘረጋበት ሰፊ ቦታ የተገኘው፣ ለለቀስተኛው ማለፊያ ብለው ከሰንሰለቱ አውርደው ግቢው መካከል ያስቀመጡት ሞተርዎ ዙሪያ ነበር። ከሩቅ የመጡ ዘመዶቻችን ከበሩ ሲገቡ፣ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ፣ ከመካከሉ በነጭ አንሶላ የተሸፈነ ነገር አዩ። የእናቴ አጎት ልጅ የሆኑ አዛውንት በቀጥታ ሄደው በላዩ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። የሞተሩን ራስ፣ ቴስታውን፣ እያሻሹ፣ ምነው እንዲህ ደረቅሽ፣ ምነው እንዲህ ቀዘቀዝሽ እያሉ አለቀሱ። ይሉኝታ ይዞን ሞተር ነው የሚላቸው ጠፋ። እርስዎም አጠገባቸው ተቀምጠው አንገትዎን ደፍተው ነበር፤ ለዚህ ትዕግሥትዎ ቤተሰባችን ያመሰግናል። እናቴ በመስኮት ሁሉን አይታለች። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ግን እንደ ሳቅ አላለቀም።

ስለዚህ ሞተሩን ያንሱልኝ ብዬ አልጠይቅም፤ ከእንግዲህ እናቴን የምወስድበት ቦታ የለም። በሰፊው ይሥሩ። የሚያስቸኩል ነገር የለብንም።

ላበረከቱልን ሁሉ ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ለወገብዎ ጤናን፣ ለቡሎኖችዎ በየቤታቸው መግባትን የምመኝ፣

ከመኪናዎ በስተጀርባ የቆመችው መኪና ባለቤት

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (ቺንጋው ከተነሣ)
ለሞተሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ ባነብላት፣ እንዳልለጥፈው አዘዘችኝ፤ ቃሏን ስጥስ የመጀመሪያዬ ነው። አንሶላውን በተመለከተ ግን መልእክት አላት። አጥበው ለመመለስ እንዳይቸገሩ፤ የሞተር ዘይት እንደማይለቅ ታውቃለች። ጥልፉ ያለበትን ጠርዝ ብቻ ቆርጠው ቢሰጧት ይበቃታል፤ የቀረውን ሞተሩ ይልበሰው። መቀስ ካጡም ታውስዎታለች።