ቂጣና ረመዳን በአንድ ግቢ

ሰኞ፣ መጋቢት 16 ቀን 1983

ዛሬም ሳምቡሳውን ለውሻ ሰጠሁት። ረመዳን ከገባ ወዲህ አከራያችን እትዬ ዘይነብ ከማፍጠሪያቸው ሳያካፍሉን አያድሩም። ሾርባ፣ ተምር፣ ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ። ተምሩን እበላለሁ። ሥጋውን ግን የኛ ሰው ያላረደውን እንዴት አድርጌ? እንዳልመልሰው ነውር ነው። እንዳልናገር ደግሞ፣ ይህን ክፍል ስንከራይ ባለቤቴ መለሰ «የጎንደር ሰዎች ነን» ብሎ ነው ያለፈው። ቤተ እስራኤል መሆናችንን አላነሳም። የእትዬ ዘይነብ ባል አባባ ሳሊም የመናዊ ናቸው። የዓረብኛ ሬዲዮ ሲከፍቱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ቋንቋው አይገባኝም፤ «እስራኤል» ሲል ግን ልቤ ድንግጥ ይላል።

የመውለጃ ወሬ ገብቷል። እናቴ ጎንደር ቀርታለች፣ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቷል። መለሰ ወደ እስራኤል ለመሄድ ስማችን ተጠርቶ እንደሆነ ብሎ ኤምባሲያቸው በር ላይ ሲጋፋ ይውላል። ሲመጣ ፊቱን አይቼ አልጠይቀውም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

እትዬ ዘይነብ አዩኝ። ከውጪው በር ስመለስ፣ ባዶ ሳህን በእጄ፣ ውሻው ከኋላዬ አፉን እየላሰ። ሳህኑን ተቀብለውኝ ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ትናንት ማታ ምግብ አልመጣም። ጠዋት ቧንቧው ጋ ተገናኘን።

«የእስላም ሥጋ አልበላም ማለት ይቻል ነበር» አሉኝ። «እኛም የክርስቲያን አንበላም። ለውሻ ግን አንሰጥም።»

«የክርስቲያንም አልበላም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ?»

«እስራኤል ነኝ። ፈላሻ የሚሉን።»

ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሁለታችንም ቧንቧውን አልዘጋነውም። «ሳሊም ይወቀው» አሉና ገቡ።

ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ ዕቃ ስሸክፍ ዋልኩ። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የሕፃኑ ጨርቅ። ከዚያስ ወዴት? ጌጃ ሰፈር ውስጥ ለእርጉዝ ማን ክፍል ያከራያል? ፋሲካችን ስለ ደረሰ እርሾ የነካው ነገር ከቤት ወጥቷል፤ የሽምብራ ቆሎ ነው የምንበላው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

አባባ ሳሊም አስጠሩን። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ወደ እኔ ዞረው፦

«አንተ ይሁዲ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«በኔ አገር ጎረቤት ይሁዲ ነበር። ብር ይሠራል። ሰንበት ሲገባ እሳት አይነካም፤ እናቴ እኔን ይልካል፣ መብራቱን አጠፋለታለሁ።» መቁጠሪያቸውን አገላበጡ። «ከዚያ ሁሉም እስራኤል ሄደ። ሱቁ ቀረ።»

መለሰ ክፍሉን እንልቀቅ እንደሆነ ጠየቃቸው። ማን ልቀቅ አለህ ብለው ተቆጡት። ልንወጣ ስንል ግን አስቆሙን።

«እዚያ ስትሄድ ቤት ይሰጥሃል። የማን ቤት እንደነበር ጠይቅ።»

መለሰ መሬት መሬቱን አየ። እኛ ኢየሩሳሌም ስንል ያደግን ነን፤ እዚያ ጎረቤታችን ማን ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም። «እዚያም ዓረብ አለ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ሞልቷል!»

ሳቃቸው ቀለል አደረገኝ። ጥያቄያቸው ግን አላስተኛኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ዛሬ ሲመሽ ፋሲካ ይገባል። ከንጋት ጀምሮ ወገቤን ይቆርጠኛል። ለመለሰ አልነገርኩትም፤ ኤምባሲ ሄዷል።

እሑድ፣ መጋቢት 22

ሴት ልጅ ወለድኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው ምጡ የጠናብኝ። እትዬ ዘይነብን ጠራሁ። ባልና ሚስት በሚያድሩበት ቤት መውለድ አልችልም፣ በአገሬ ከሰፈር ወጣ ብሎ የአራስ ጎጆ አለን አልኳቸው።

«እዚህ ጎጆ ከየት ይምጣ? አስፋልት ላይ ልትወልጂ ነው?» አሉኝ። እያጉረመረሙ ሄደው ከአባባ ሳሊም ሱቅ የተረፈውን ካርቶን ሁሉ ከዕቃ ቤቱ አውጥተው ወደ ግቢው ወረወሩ፣ በባዶው ዕቃ ቤት ፍራሽ አነጠፉልኝ። ሐኪም ቤት ሊወስዱኝ ታክሲ እያስጠሩ ነበር፤ ልጅቷ ቀደመች። እሳቸው ናቸው የተቀበሏት። ከንፈራቸው በጾም ደርቋል። አዛን ሲል እንኳን ውሃ አልቀመሱም፣ እትብቱን ቆርጠው፣ እኔን አጥበው ነው ያፈጠሩት።

መለሰ ሲደርስ በሩ ላይ ቀረ። ሕጋችን ነው፤ እኔንም ልጅቷንም አይነካም። እትዬ ዘይነብ በሩን ገርበብ አድርገው ልጅቷን ከፍ አደረጉለት።

«እየኝ በዪው አባትሽን» አሏት።

አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እያለቀሰ እንደሆነ ከትከሻው አወቅሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

ማዕድ ቤት መግባት ስለማልችል ቂጣውን የሚጋግረው መለሰ ነው። አንዱ ወገን ድንጋይ፣ ሌላው ወገን ሊጥ። እትዬ ዘይነብ ጾም ባይሆን እቀምሰው ነበር እያሉ ይስቁበታል። እኔ በላሁት፣ ሌላ ምን አለኝ።

ዛሬ መለሰ ከበሩ ውጪ ቆሞ፣ በቅርቡ ብዙ ሰው ይጠራል እየተባለ ነው አለኝ። የጠበቅሁት ወሬ ነበር፣ ግን ፈራሁ። ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው መለየቴ። አሁን ብንጠራ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ተጋፍቼ እንዴት እሄዳለሁ? እናቴስ? ቀና ስል እትዬ ዘይነብ ምንም ሳይመስላቸው ጨርቅ ያጥፋሉ።

«ቢጠሩንስ፣ እትዬ?»

«ሲጠሩሽ ታስቢበታለሽ። አሁን ልጅቷን ስጪኝና ተኚ።»

ሰጠኋቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ውጪ ኳስ እየጠለዙ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ናት፤ በማላውቀው ቋንቋ ቀስ ብለው ያባብሏታል።