በጠራራ ፀሐይ የወጣው አልጋ

ዋጃ፣ ግንቦት 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ፈሪሀስ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ? የደሴ ብርድ ለወገብ አይሆንም፤ በመታጠቂያ ጠበቅ አድርገህ እሰረው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ቆዳዬም ደኅና ነው። እንቅልፍም ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀምሬአለሁ።

የአባታችንን ቤት ለቅቄ ወጥቻለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው እጅ ብታነበው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ። "የአባት ቤት ተዘግቶ አይደር" ያልከውን አልረሳሁም። ባዶውን አላደረም፤ ነዋሪዎቹ ብዙ ናቸው። የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በቅደም ተከተል ልንገርህ። የትኋኑ ነገር የባሰው የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ ከመጡ በኋላ ነው። ለትንኝ የተረጨው መድኃኒት ትኋኑን ከየስንጥቁ አስወጣው እንጂ አልገደለውም። ስንጥቁን በጭቃ መረግሁ። የአልጋውን መጋጠሚያ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ጠፍሩን ላምባ አጠጣሁት፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አዋልኩ። ጥቂት ቀን ጋብ ይልና ይመለሳል። ከየት እንደሚመለስ ለማወቅ አልጋውን ወደ መሀል ስቤ በየግድግዳው ሥር ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። የሚመጡት ከአራጌ ጋር በምንጋራው ግድግዳ በኩል ነው።

አራጌ እንደምታውቀው አሁንም የእድሩ ዳኛ ነው። ቤቱ ሄጄ፣ ሁላችንም በአንድ ቀን ዕቃችንን እናውጣ፣ በአንድ ቀን እናጽዳ፣ አለዚያ እኔ ሳባርር አንተ ትቀበላለህ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። "እኔ ቤት ትኋን? ቲቸር፣ ነውር ነው! ቢኖር አስረሳሽ ትነግረኝ ነበር" አለኝ። ሚስቱ አስረሳሽ አጠገቡ ቆማ ክንዷን እያከከች "ትንኝ ነው እንጂ" አለች። ሌሎቹም ያው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ያካል፤ ሰፈሩ ሁሉ ትንኝ ነው ይላል። ትኋን አለበት የተባለ ቤት ተከራይ አያገኝም፣ እንግዳም አያድርበትም።

ልወጣ መሆኔን ሲሰማ አራጌ ሌላ መላ አመጣ። "እንግዲያው ሲመሽ ውጪ። አልጋውን ሰው አይየው፤ የሰፈሩን ስም አታጥፊ" አለኝ። እኔ የሰረቅሁት ነገር የለም። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ እወጣለሁ አልኩት። የምሬን አልመሰለውም።

በቀኑ ሙህሲን ጋሪውን ይዞ መጣ፤ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አሁን የልጆች አባት ሆኗል። ሣጥኑንና የማድ ቤቱን ዕቃ ጫነልኝ። አልጋውን ሲያይ ግን ወደኋላ አለ። "ቲቸር፣ ይቅር በይኝ፤ ነገ በዚህ ጋሪ ሙሽራ እጭናለሁ" አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ አልጋውን በሸክም ሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ ወስደን ልናቃጥለው ተስማማን። መንገድ ላይ አንዲትም ትኋን እንዳትወድቅ በነጭ አቡጄዲ ጠቀለልኩትና ጠርዙን ዙሪያውን ሰፋሁት። መንሱር ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ ተሸከመው፤ ሙህሲን ጋሪውን ለእኔ ትቶ ከፊት ከፊት መንገድ ያስለቅቃል።

መንሱርን አላስተዋውቅህም። እዚህ ዋጃ ሒሳብ ያስተምር የነበረው፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብህ "ቤቱን ማን ይጠብቅ?" ብለህ የመለስከው ነው።

አሁን አስበው። ነጭ የለበሰ አልጋ፣ አራት ሰው ተሸክሞት፣ በገበያው መሀል! ጉድ ያደረገኝ የስፌቴ ጥራት ነው። ሻይ ቤት የተቀመጡት ብድግ አሉ። አንዱ "ኢና ሊላሂ" ሲል ሌላው ባርኔጣውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" ይላል። በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አስከሬን ሲያይ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍምና ተሸካሚው በየእርምጃው ይለዋወጥ ጀመር። ሙህሲን "ኧረ ሰው አይደለም!" ብሎ ቢጮህ "አይዞህ፣ ጽና" እያሉ ደገፉት። ማን ሞተ ተባለ። ከማን ቤት ወጣ ተባለ። ከቲቸር ቤት። በቃ፣ ሞትኩ።

እኔ ከጋሪው ጋር ወደኋላ ቀርቼ ነበር። ስደርስ ጨው ሻጯ የሻረግ ደረቷን እየደቃች "ትናንት በሚዛኔ የተቆጣችኝ ሴትዮ!" እያለች ታለቅሳለች። ቀና ስትል አየችኝ። "ቲቸር! አልሞትሽም እንዴ?" አለች። "ገና ነኝ" አልኳት። "ታዲያ ማንን ነው የምንቀብረው?" ስትል፣ ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ "ትኋን ነው! የአባቴ አልጋ ነው፤ ትኋን በልቶን ነው!" አልኩ።

ገበያው ሁሉ ወደ አልጋው ዞረ። ያን ጊዜ ከፊት በኩል የተሸከመው ማን ይመስልሃል? አራጌ። ጎረቤቴ ሞተችብኝ ብሎ፣ እህል ሲሸምት ከነበረበት እየሮጠ መጥቶ ዓይኑ እንባ ያዘለ አራጌ። አልጋውን የሚጥለው መስሎኝ ነበር። አልጣለውም። አየኝ፣ አንገቱን አከከ፣ ከዚያ "እንግዲህ ዘመዶቼም አሉበት፤ እስከ መጨረሻው እሸኛቸዋለሁ" አለ። ሳቁን ብትሰማው! አንዱ "እኔም ቤት አሉ" ይላል፣ ሌላው "ያልገቡበት የማን ቤት አለ" ይላል። ሆርማት ላይ እሳቱን የለኮሰው ራሱ አራጌ ነው። በሳምንቱም ሰፈሩ በሙሉ ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ግድግዳውን እንደ አዲስ መረገ።

"ታዲያ ተመለሺ" ትለኝ ይሆናል። አልመለስም። አባታችንን እዚያ ቤት አስታምሜያለሁ፤ እናታችንንም። አንተ ለዒድ ስትመጣ ምሳህን በልተህ፣ ቤቱን መርቀህ፣ ለማደር ሮቢት አማቶችህ ዘንድ ትሄዳለህ። ፈሪሀ ልጆቹን ከፍራሹ ላይ ቶሎ ቶሎ ስታነሣ አይቻታለሁ። አልቀየምኳትም፤ እናት ናት። ግን ታውቁ ነበር። እያወቃችሁ ነው ጠብቂ ያላችሁኝ።

ቁልፉ አራጌ ዘንድ ነው። ልትወቅሰኝ ከፈለግህ መጀመሪያ እዚያ አንድ ሌሊት እደር።

ለጊዜው ያረፍኩት ጓደኛዬ ኡሙልኸይር ዘንድ ነው። ደህና ሴት ናት፤ ሰላም ብላሃለች። ከእሷ በላይ ያለውን ባለሁለት ክፍል ቤት ከመንሱር ጋር ኖራ እያስቀባን ነው። ቃዲውንም ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሴትን ለመዳር አባት በሌለበት ወንድም ይቀድማል አሉኝ። ወንድም ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ኪታቡ ለዚያም መልስ አለው አሉኝ። መንገዱ በዝናብ ሳይበላሽ ብትመጣ እኔ ደስ ይለኛል። ባትመጣም ቀኑ አይለወጥም።

አላህ ወገብህን ያጽናልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ ለፈሪሀ ጤናውን ይስጣት። ዱዓህ አይለየኝ።

ታላቅ እህትህ