ሽርጥ የለበሰችው ድመት

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬም ከቡ ፓይነም ጋር የእግር ጉዞ። ሐኪሙ ለጉልበቴ ብሎ ነው ያዘዘው። ጉልበቴ ሳይድን ጆሮዬ ሊያልቅ ነው... ይህቺ ጎረቤቴ ስትሄድ ታወራለች፣ ስትቆም ታወራለች፣ ሲደክማት ደግሞ ስለ ድካሟ ታወራለች።

ከሰፈር ስንወጣ ድመቷ እንደ ልማዷ አፈጠጠችብን። መግቢያው ላይ፣ የአሮጌውን መጋዘን ግድግዳ ሙሉ ይዛ የተሳለች ብርቱካንማ ድመት። ሽርጥ ታጥቃ፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ አንዱን ዓይኗን ጨፍና በሌላው ወጪ ገቢውን ትቆጣጠራለች። ማን እንደሳላት የሚያውቅ የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ማለዳ ስንነሳ ነበረች፣ በቃ። የተገለጠው ዓይኗ ተንሸዋሯል። አገጯም ወደ ግራ ሄዷል። ባሌ ፓክ ዋርሶ ከሶላት መልስ በሽርጥ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ቁርጥ እሷን።

ቤት ስገባ «እህትህ ሰላም ብላሃለች» አልኩት። ፈገግ እንኳን አላለም። «እስቲ ከሷ ማን በገላገለኝ» ብዬ ጨመርኩ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምለው... ለወሬ ያህል።

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

በባቡሩ ድልድይ ሥር ሄድን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጽሕፈት። ጽሕፈት ከተባለ... ሳህን ላይ የተደፋ ኑድል። ቡ ፓይነም ስማቸውን ነው የሚጽፉት አለችኝ። እንዳይነበብ አድርጎ ስሙን የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሚስቱን የሚፈራ መሆን አለበት።

ከድልድዩ ማዶ ግን አንዲት አሮጊት አለች፤ ፊቷ ብቻ የፎቅ ያህል። አትክልት ሻጭ ትመስላለች። ጥርሷ ከምታኝከው ቅጠል የተነሳ ቀልቷል፣ የግንባሯ መስመር አንድ በአንድ ይታያል። ቆምን። ቡ ፓይነም ዝም አለች። ዝም አለች ብዬ ባወራ ማንም አያምነኝም።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ወንዙ ዳር ካለው ግድግዳ ላይ መሰላል ተደግፏል። መሰላሉ ላይ ሱሪዋ በቀለም የተዥጎረጎረ ሴት። የምትስለው ሞተር ሳይክል የሚነዳ ዓሣ። ቡ ፓይነም ከሰላምታ አስቀድማ «ባል አለሽ?» አለቻት። ሳቀች። ጋሉህ ትባላለች። ባል የላትም፤ ግድግዳ ግን በየሰፈሩ አላት።

ወረደችና አጠገባችን ተቀመጠች። ከዓሣው አጠገብ ተጠማዝዞ የተጻፈ ስም እንዴት እንደሚነበብ አሳየችኝ። የፊደሉን ጥላ ይተዉት፣ ለጌጥ የተጨመረውን ቀስት ይተዉት፣ አጥንቱን ይፈልጉ አለችኝ። ፈለግኩ... «ሬንጎ» ይላል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። በአንድ ትንፋሽ የተሳበ መስመርና የፈራ እጅ የሳበው መስመር እንዴት እንደሚለዩም ነገረችን። ሕግም አላቸው ለካ። ስም በስም ላይ ይጻፋል፤ የሌላ ሰው ሙሉ ሥዕል ላይ ግን ሳያስፈቅዱ እጅ ማሳረፍ ነውር ነው። «ኖራ የሚቀባ ሰፈር ብቻ ነው የማያስፈቅደው» አለች።

ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ዛሬ ብቻዬን ወጣሁ። ለጉልበቴ አልነበረም።

ጁላይ 20፣ እሑድ

ከቡ ፓይነም ጋር ተጣላን። በከተማው ካሉት ሥዕሎች አንደኛዋ የሙዚየሙ ጀርባ ያለችው ጥንቸል ናት ትላለች። ጥንቸሏ ቆንጆ ናት፣ አልካድኩም፤ ግን የፈራ እጅ ነው የሳላት፣ ቡ ፓይነም ጆሮዋን አላየችም? ገበያው ዘንድ ስንደርስ ጠባችንን ረሳነው። ባለፈው ብቻዬን ስወጣ ያገኘሁት፣ በጃንጥላ የሚንሳፈፉ ሴቶች የተሳሉበት ግድግዳ ላይ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሳምንታት በፊት እንዲህ ያለ ግድግዳ መኖሩንም አላውቅ፤ ዛሬ ቆሽቴ አረረ።

ስመለስ ድመቷ ፊት ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኋት። ጀርባዋ በአንድ ትንፋሽ ነው የተሳበው። ያ የተንሸዋረረው ዓይን ደግሞ ስህተት አይመስለኝም... በዚህ በኩል ስቆም እኔን ያያል፣ በዚያ በኩል ስቆም ከመንገዱ የሚመጣውን። ማነው ይህን ያሰበው? እንዲህ ያለ ነገር ደጄ ላይ ይዤ ነው ከተማ የምዞረው።

ለፓክ ዋርሶ አልነገርኩትም። ያን ሁሉ ዘመን ስሰድባት ኖሬ በምን አፌ?

ጁላይ 26፣ ቅዳሜ

የሰፈር ስብሰባ፣ እኛው በረንዳ ላይ። የነፃነት በዓል ደርሷል፤ የሰፈሮች የውበት ውድድር አለ። ፓክ ዋርሶ ሊቀመንበር ነውና መነጽሩን አድርጎ ተናገረ። ቦይ ይጠረግ፣ አጥር ይቀባ፣ ባንዲራ ይሰቀል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና የመግቢያው ግድግዳም በኖራ ነጭ ቢሆን አለ።

አንድ ሰው ይቃወማል ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ቡ ፓይነም ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። «እናንተ ካላችሁ» አለ አንዱ። «እናንተ ካላችሁ» አለ ሌላው። እንዲህ እያለ ዙሩ እኔ ጋ ደረሰ። ባሌን በሰው ፊት ልቃወም?

«እናንተ ካላችሁ» አልኩ። የነገ ሳምንት፣ እሑድ፣ ዘመቻ ነው ተባለ።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ቡ ፓይነም ስንሄድ አላወራችም። አሞሻል እንዴ ስላት፣ ድመቷ አሳዝናት ነው። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? «ባልሽ ፈልጎ እኔ ምን አግብቶኝ?» አለችኝ።

መንገድ ዳር የአኩሪ አተር ቂጣ የሚጠብሰውን፣ ቴምፔ ጠባሹን ጠየቅኩት፤ ደንበኞቹን ከድመቷ አለፍ ብላችሁ ኑ ነው የሚላቸው፣ ከእሑድ በኋላ ምን እንደሚላቸው ጨንቆታል። የመስጊዱ ጠባቂም አልፈለገም። ማንም አልፈለገም። ሁሉም ግን ሊቀመንበሩ ካለ ይላል። ሊቀመንበሩ ደግሞ አጠገቤ ተኝቶ ያንኮራፋል።

ጁላይ 31፣ ሐሙስ

እራት ላይ በዘዴ ሞከርኩ። ኖራ ተወደደ አሉ፣ አልኩት። ተገዝቷል አለኝ። ነጭ ግድግዳ ቶሎ ይቆሽሻል አልኩት። ደግመን እንቀባለን አለኝ። ድመት ያለበት ሰፈር አይጥ አይደፍረውም አልኩት። እጁን ግንባሬ ላይ አድርጎ ትኩሳት እንዳለኝ አየ።

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

ነገ ነው። ልንገረው? ሰው ሁሉ ከተስማማበት በኋላ... ሊቀመንበሩን ሚስቱ ታዘዋለች ይባላል። ተዪው።

ኦገስት 3፣ እሑድ



ጠዋት ሁሉም ሰው ወጣ። ኖራው ተበጠበጠ። ሰፈራችን እንዲህ ትጉ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ያልተጠረገ ቦይ የለም፣ ያልተቀባ አጥር የለም፣ የዛፍ ግንድ ሳይቀር ነጭ ሆነ። ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ግን የሚጠጋ ጠፋ። መቀቢያው ሮለር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እርስዎ ይጀምሩ፣ ኧረ በፍጹም እርስዎ። ለቡ ፓይነም ደረሳት፣ ወገቤን አለች። ለእኔ ደረሰኝ፣ ጉልበቴን አልኩ። ፓክ ዋርሶ ሻይ ይምጣ አለ። ሻይ መጣ። ሌላ ሻይ መጣ።

ያኔ ቶጋር ደረሰ። የቡ ፓይነም አማች ነው፤ ከሌላ ደሴት፣ ከሜዳን ከተማ የመጣ የባታክ ብሔር ሰው። እኛ ጃቫዎች ለመናገር ሰባት ጊዜ የምንዞረውን እሱ ቀጥ ብሎ ይገባበታል። ድመቷን አየ፣ እኛን አየ። ይሄ ይጥፋ ነው የምትሉት ብሎ ጠየቀ። እናንተ ካላችሁ ተባለ። እኔማ ምንም አላልኩም፣ እናንተን ነው የምጠይቀው አለ። አማቱን ለብቻ ጠየቃት፤ ኦቾሎኒ ስትፈለፍል እንደነበረው አንገቷን ደፋች። ወደ እኔ መጣ። ለእሱ እኔም ቡ፣ እናት ነኝ።

«ቡ፣ ላጥፋው?»

«እንዳልክ ልጄ» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

መሰላል ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ሮለሩን ጎተተ፣ ጆሮዎቿ ሄዱ። ሁለተኛ ጎተተ፣ ግንባሯ። ዓይኗ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው «ተው፣ አቁም!» ብሎ ጮኸ። እኔ ነኝ ለካ። «አልፈልግም። ድመቷን እፈልጋታለሁ።» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዓይኗም አገጯም በኖራው ሥር ነበሩ። ቶጋር መሰላሉ ላይ እንደቆመ «ጠይቄዎት ነበር እኮ ቡ» አለ። እውነቱን ነው። የተቆጣ አልነበረም፤ ግራ ነው የተጋባው።

«እኔም አልፈልግም» አለች ቡ ፓይነም። እኔም፣ እኔም እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ አልፈልግም አለ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ሊቀመንበሩ ዞርን። ፓክ ዋርሶ ፊቱ ኖራውን መስሏል።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ ከሷ ማን በገላገለኝ የምትዪው? በየቀኑ...»

ለእኔ ነበር። ሰፈር ሰብስቦ፣ ኖራ አስገዝቶ፣ ሁሉም ለእኔ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ሰው ፊት አለቀስኩ።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ራስ የሌላት ድመት ሽርጥ ታጥቃ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላለች። አይቼ ማለፍ አቃተኝ።

ቶጋር ያጠፋሁትን እኔው ልመልስ ብሎ ካርቶን ላይ ጭንቅላት ሥሎ ይዞልን መጣ። ቆንጆ ነው አልነው። «እውነታችሁን ነው?» አለ። «ጆሮ ያለው ፓፓያ» አለችው አማቱ። እሱም ደስ ብሎት ቀደደው። ለማንኛውም ሳያስፈቅዱ አይነካም ብዬ የጋሉህን ሕግ ነገርኳቸው። የሚያስፈቅዱት ሰው ግን ማነው?

ኦገስት 6፣ ረቡዕ

ጋሉህን ወንዙ ዳር አገኘናት። ሙያተኞቹ ይተዋወቁ የለ? የኛን ድመት ማን እንደሳላት ታውቂ እንደሁ አልኳት። ቀላች።

«እኔ ነኝ፣ እንዳለመታደል» አለች።

የሆነውን ነገርኳት። ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ብቻ ተለየችን። ተቆጥታ ይሆን? ፊቷ ምንም አይናገርም።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

መጣች። ሰፈሩ ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ተሰብስቦ ጠበቃት። ፓክ ዋርሶ ስለ ሰፈሩ ሆኖ ይቅርታ ጠየቃት፤ መነጽሩን ሳያደርግ። ጋሉህ ራስ የለሿን ድመት ረጅም ጊዜ አየቻት። ብትስሏት ደስ ይለናል፣ ባትስሏትም እንረዳለን፣ እንዴት ይሻላል አላት ፓክ ዋርሶ።

«እናንተ ካላችሁ» አለች።

ሰፈሩ ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ ደሜ ፈላ። «እኛ አላልንም። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ቶጋር ከኋላ አጨበጨበ።

ጋሉህ ጫማዋን አየች። ከዚያ ተናገረች። ያንን ጭንቅላት አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። ዓይኑን ስትስል መሰላሉ ተንሸራቶ ነው የተንሸዋረረው። አገጩን ለማስተካከል ስትል ይበልጥ አጣመመችው። በነጋታው አፍራ፣ ይኸው ሦስት ዓመት በእኛ መንገድ አልፋ አታውቅም። «ቶጋርን ላመሰግነው ነበር የመጣሁት» አለች።

ክው አልኩ። ዓይኗን ነው እኮ እኔ... በየአቅጣጫው የሚያየውን። ያልተሳሳተ እጅ ነው ብዬ የደነቀኝን። እንዲያውም እሱ ዓይን ነበር የሚበልጠው አልኳት። አይበልጥም አለችኝ። የሳልሽው አንቺ፣ ያየሁት እኔ አልኳት። ቡ ፓይነም አገጩ ቢቀና ይሻላል ብላ ገባችበት። ቴምፔ ጠባሹ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ አገጩን የነካ ከእኔ ጋር ይጣላል አለ። የማያወራ አልነበረም። እነዚያ «እናንተ ካላችሁ» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ለምሳ እንኳን አልተበተኑም። ፓክ ዋርሶ መሃል ቆሞ ተራ በተራ ሲል ድምፁ ዘጋ።

ጋሉህ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። እንዲህ ስለ ሥራዬ ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም አለችኝ። ሰኞ ትጀምራለች፤ እሷ እንደምትፈልገው።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ

ጨረሰችው። አሁን ድመቷ ሁለቱንም ዓይኗን ገልጣ ቀጥ ብላ ታያለች። አገጯ ቀንቷል። የጋሉህ እጅ እንደ በፊቱ አይደለም፤ የበሰለ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ። ግን የድሮዋ ትበልጥ ነበር። ለጋሉህ እንዲሁ ነገርኳት። አቀፈችኝ። ሱሪዋ ቀለም በቀለም ነበር፣ ቀሚሴ ተበላሸ።

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ

የውድድሩ ዳኞች መጡ። ስለ ድመቷ ምን እንዳሉ አልሰማንም፤ እኛው ክርክር ላይ ነበርን።

ኦገስት 18፣ ሰኞ

ትናንት በዓል ነበር። እንደ ወትሮው በዓል ጉደግ ወጥ ሠራሁ፤ የጃክፍሩቱን ፍሬ ከሌሊት ጀምሮ በዘንባባ ስኳር አብስዬ። ፓክ ዋርሶ በላ። እጁን ታጠበ። ታጥቦም አልተነሳም።

«ቡ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ተናገር።»

«አትቆጪም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ስኳሩ ይበዛብኛል» አለ። «ከተጋባን ጀምሮ።»

የሠርጋችን ሰሞን ያበሰልኩለት። በየበዓሉ። ጨምሪልኝ እያለ ሳህኑን ሲዘረጋ የኖረ ሰው።

«ታዲያ ለምን ጨምሪልኝ ትላለህ?»

«ጨምሪልኝ ስልሽ ደስ ሲልሽ አያለኋ።»

ተናደድኩ። ሆዴም ባባ። ለወደፊቱ ስኳሩን እቀንስልሃለሁ ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ መለስኩት። እኔ እንደበዛ ነው የምወደው አልኩት፤ የምትወደውን አንተው ሥራ።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ወርዶ የራሱን ጃክፍሩት ገዝቶ መጣ። ሁለት ድስት ጥደን ዋልን። የእሱ አርሯል። ነገርኩት።